የጨጓራዬ ገበርና የአባባ ድንጋይ

ከድሮው ቤት፣ ጥር መጨረሻ

እቴቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ይሄን የምጠይቅሽ ሰው ደብዳቤ ሲጀምር እንደሚጠይቀው ለወጉ አይደለም። የምሬን ነው፣ መልስ እፈልጋለሁ። ከራስ ጸጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ በየተራ ጻፊልኝ፣ ጨጓራሽን ግን አስቀድሚው። ያቃጥልሻል? ጠዋት ጠዋት ባዶ ሆድሽን ይቆርጥሻል? ሁለት ጉርሻ በልተሽ ጠገብኩ ትያለሽ? አየሽ አይደል፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ተኳርፈን ከርመን መጀመሪያ የጠየቅኩሽ ስለ ሆድሽ ነው። ሳቂብኝ። ግን መልሺ።

እኔ ደህና ነኝ። ሹኪቺም ደህና ነው። አንቺ ስታውቂው ባለቤቴ ጸጉር ነበረው፣ አሁን የለውም። ሌላው እንዳለ ነው፣ ዝም ይላል፣ ይበላል፣ ዝም ይላል። በረዶው ዘንድሮ ጣራ ነክቷል። እናንተ ኦሳካ በረዶ የምታዩት በቴሌቪዥን ስለሆነ ስለ አካፋው አልነግርሽም።

መጀመሪያ ቂሜን ላውጣና ይቅለለኝ። በየዓመቱ የአዲስ ዓመት ፖስትካርድ ትልኪ ነበር። የታተመ ሥዕል፣ የታተመ መልካም ምኞት፣ የታተመ ስም። በእጅሽ የጻፍሽው አንዲት ፊደል የለበትም። ባንኩም ይልክልኛል እኮ እንደዛ ያለ! ከሰባት ዓመት ወዲህ ደሞ እሱም ቀረ። እርግጥ እኔም አንዱንም መልሼ አላውቅም። እሱን ተይው።

አሁን ስሚኝ። በመስከረም የጨጓራ መርማሪው አውቶቡስ መጣና እንደ ሁልጊዜው የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ቆመ። እኔ እሱ አውቶቡስ ሲመጣ ጓሮ እገባለሁ፣ ሥራ አለኝ፣ በጨው የምንዘፈዝፍበትን በርሜል አጥባለሁ፣ ማን ያገኘኛል። ዘንድሮ ግን ጎረቤታችን እማማ ቶሚ በሬ ላይ መጡ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ምላሳቸው አሁንም እንደ ማጭድ ነው። «አንቺ ድፍረትሽ ምላስሽ ላይ ብቻ ነው እንዴ? እኔ አሮጊቷ ነጩን መድኃኒት ጠጥቼ መጣሁ፣ አንቺ በርሜል ውስጥ ትወሸቂያለሽ?» አሉኝ። እኔን! ፈሪ! የጎማ ጓንቴን እንኳን ሳላወልቅ ሄድኩላቸው።

ያንን ኖራ የመሰለ ነገር አጠጡኝ። ከዚያ ሰሌዳ ላይ አስተኝተው እንደሚጠበስ ዓሣ ገለባበጡኝ። ባለሙያው ከመስታወት ወዲያ ሆኖ በድምፅ ማጉያ «እንዳያገሱ!» ይለኛል። አንቺ ታውቂኝ የለ፣ አታድርጊ ያሉኝን። አገሳሁ። እንደገና አጠጡኝ። እንደገና አገሳሁ። በሦስተኛው ባለሙያው «እባክዎ እናቴ፣ እኔም ምሳ አለብኝ» አለ። ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበርና እማማ ቶሚ ለመንደሩ በሙሉ አወሩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀት መጣ፣ ከተማ ሆስፒታል ሄደው በቱቦ ይታዩ ይላል። ሄድኩ። ሐኪሟ ኦይካዋ ትባላለች፣ ሠላሳ ምናምን ቢሆናት ነው፣ ጣቶቿ ቀጫጭን፣ ትዕግሥተኛ። ካሜራ ያለበትን ቱቦ በአፍንጫዬ አስገብታ ውስጤን ዞረችው። ከጨጓራዬ ገበር ላይም ቁንጥር አድርጋ ሥጋ ወሰደች። «በሚቀጥለው ሳምንት ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ» አለችኝ።

ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ! እቴቴ፣ ይቺን ቃል እኔና አንቺ እናውቃታለን።

ያኔም እንዲሁ ነበር የጠሩን። አባባን አልጋ ላይ ትተው እኛን ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አጎታችንን፣ አንቺን፣ እኔን። ሆዳቸውን ከፍተው አይተው መልሰው እንደሰፉት፣ ካንሰሩ እንዳይነሳ ሆኖ እንደተጣበቀ የነገሩት ለእኛ እንጂ ለባለ ሆዱ አይደለም። ወጉ እንደዛ ነበር፣ በሽተኛው ስለ ራሱ በመጨረሻ የሚሰማ ሰው ነው። አጎታችን «የጨጓራ ቁስል ነበር፣ ተቆርጦ ወጣ ብለን እንነግረዋለን። አፉን የሚከፍት ወዮለት» አሉ። አንቺ «ልጅ አይደሉም፣ የራሳቸው ሆድ ነው» አልሽ። ማን ጮኸብሽ? እኔ። «ብትነግሪያቸው እህቴ አይደለሽም» አልኩሽ። ከዚያ አልጋቸው ጋ ሄጄ፣ ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተክዬ «አባባ፣ ቁስል ብቻ ነው» አልኳቸው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

እንግዲህ ሐኪሟ እኔና ሹኪቺን ጎን ለጎን አስቀምጣ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «የጨጓራዎ ገበር ላይ አንድ ቦታ ህዋሳቱ መልካቸውን ቀይረዋል። ካንሰር አይደለም። ዝም ብለን ከተውነው ግን ቀስ እያለ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። ሆድዎን ሳንቀድ፣ በቱቦው ገብተን ልጠን እናወጣዋለን» አለች። እኔ ወደ ሹኪቺ ዞርኩ። ሹኪቺ እግሩን ያያል።

በቃ! አለቀ! እግር ማየት ምን እንደሆነ ለእኔ ይነግሩኛል? «ስሚ ልጄ» አልኳት፣ «ይሄን ውሸት አንቺ ሳትወለጂ እኔ ዋሽቼዋለሁ። የኔ ደሞ ካንቺ ይሻል ነበር፣ ቁስል ነው አልኩ፣ አለቀ። መልካቸውን የቀየሩ ምናምን እያልኩ አልተፈላሰፍኩም!» ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ማስረጃ በማስረጃ ሆነ። ሹኪቺ ሰሃን አጠበ። ሰሃን! ከተጋባን ጀምሮ የቤታችን ሰሃን ማጠቢያ የት እንዳለ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። በማግስቱ በቆርቆሮ የታሸገ ኮክ ገዝቶ መጣ። የቆርቆሮ ኮክ ለማን እንደሚከፈት አንቺ ታውቂያለሽ፣ ትኩሳት ይዞን ስንቃዥ ነበር እናታችን የምትከፍትልን። ቀጥሎ እማማ ቶሚ በሳጥን የተቀመጠ ሐብሐብ ይዘው መጡ። በሳጥን! ለበሽተኛ የሚወሰደውን ውዱን! «ማን ነገረዎት?» አልኳቸው። «ምኑን?» አሉኝ። «ምኑን» ሲሉ ዓይናቸውን አየሁት፣ የሚያውቅ ሰው ዓይን ነው አልኩ። ሰው አንዴ ከጠረጠረ እቴቴ፣ ደግነት ሁሉ ሬሳ ሣጥን ይሸተዋል።

ሆስፒታሉ ሁለቴ ቀጠሮ ላከ፣ ቀደድኩት። ነርሷ ስትደውል «እኔ እየሞትኩ ነው፣ ሥራ አለብኝ» ብዬ ዘጋሁባት። ሞቴን በገዛ ጎተራዬ በወጉ ልሞት ወሰንኩ። የክብር ኪሞኖዬን ለሹኪቺ እህት ሰጠሁ፣ ሰማያዊውን፣ አሁን መልሺ ማለት አፍሬ ይኸው እሷ ለብሳው ትንጎራደዳለች።

ጊዜው ደሞ የዳይኮን ጊዜ ነበር። ክንድ ክንድ የሚያክሉትን ነጫጭ ሥሮች በገመድ አስረን ከምድጃው በላይ ሰቅለን፣ በቼሪ እንጨት ጭስ አድርቀን፣ ወደ በርሜል የምናወርድበት ሳምንት። ሹኪቺን ጠራሁት። በሕይወቴ ጨውና የሩዝ ፉርሽካ እንዲነካ ፈቅጄለት አላውቅም። ዘንድሮ ግን «ና፣ እጅህን ታጠብ፣ ተመልከት» አልኩት። ጨው ይሄን ያህል፣ ፉርሽካ ይሄን ያህል፣ ራስና እግሩን አቀያይረህ ደርድር፣ አየር እንዳታስገባ። ከዚያ የአባባን ድንጋይ፣ ያንን ነጭ መስመር ያለበትን የወንዝ ድንጋይ፣ በርሜሉ ላይ እንዴት እንደሚጫን ላሳየው ጎንበስ አልኩና «መስመሩን ወደ በሩ አዙረው። የሚቀጥለው ዓመት አንተ ነህ የምትጭነው» አልኩት።

እዚያው ቀረሁ። ጎንበስ እንዳልኩ። ድምፁ የኔ አልነበረም።

እቴቴ፣ ይሄን ቃል በቃሉ ሰምቼዋለሁ። እዚያው ቦታ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ። አባባ በዚያ በመጨረሻው ዓመት፣ ሰፍተው ወደ ቤት ከሰደዷቸው በኋላ፣ አንድ ቀን «አንቺ፣ ነይ እዚህ» ብለው ጠሩኝ። እኔ እንኳን ድንጋዩን በርሜሉን እንዳልነካ ተከልክዬ ነው ያደግኩት፣ ታስታውሻለሽ። ለአሥራ አንድ ቀን በየጠዋቱ አስተማሩኝ። ጨዉን በእፍኝ አስለኩኝ፣ ተሳሳትሽ ብለው አስደፉኝ፣ እንደገና አስለኩኝ። እኔ ተነጫነጭኩ፣ ምነው ዛሬ ይሄን ያህል ጥድፊያ አልኩ። ድንጋዩን ሲያስጭኑኝ «መስመሩን ወደ በሩ አዙሪው። የሚቀጥለው ዓመት አንቺ ነሽ የምትጭኚው» አሉኝ። እኔ እንደ ተማርኩት «የሚቀጥለው ዓመትማ ይድናሉ፣ ቁስል ብቻ እኮ ነው አባባ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ፈገግ አሉና «አዎ ልጄ፣ ቁስል ነው። ስትናገሪው እንዴት ያምርብሻል» አሉኝ።

ስትናገሪው እንዴት ያምርብሻል። ይሄን ሠላሳ ሰባት ዓመት ተሸክሜ፣ እሳቸውን ያጽናናሁ መስሎኝ ኖርኩ። አጽናኚው እሳቸው ነበሩ። እየዋሸሁ መሆኔን እያወቁ፣ ውሸቴ እንዳይፈርስብኝ ደግፈው ያዙልኝ። ሰው መሞቱን ሳያውቅ ለአሥራ አንድ ቀን ሌላ ሰው ጨው አያስለካም። ይሄን ያወቅኩት እኔ ራሴ እየሞትኩ መስሎኝ ሹኪቺን ሳስለካው ነው።

ሹኪቺ ድንጋዩን እንዳቀፈ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ምንም። አስቀምጠው» አልኩት። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። አባባ እውነቱን አግኝተውት ነበር፤ እኔስ ለምን አላገኝም? ያለ ቀጠሮ ኦይካዋ በር ላይ ቆምኩ። «ልጄ፣ አልሰድብሽም። እኔም ዋሽቼ ስለማውቅ አልፈርድብሽም። ንገሪኝና ልሂድ» አልኳት።

ምን አደረገች መሰለሽ? ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው። ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ፊት ለፊቴ አይደለም፣ አጠገቤ። ሁለት ሥዕል አሳየችኝ። አንደኛው የደህናው ገበር ነው፣ ህዋሳቱ በርሜል ውስጥ እንደደረደርኩት ዳይኮን እኩል እኩል፣ ቀጥ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሌላው የኔው ነው፣ ተጨናንቀው፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ልክ ሹኪቺ እንደደረደረው። «ካንሰር ቢሆን ካንሰር ነው እልዎት ነበር። እዚህ አሁን መጀመሪያ የሚሰማው ባለ ሆዱ ነው» አለችኝ። ወረቀቱንም አትማ በእጄ ሰጠችኝ። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። «ባለቤትዎ ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር» አለች።

ሹኪቺ! ለካ እሱ ደሞ እኔና ሐኪሟ ተማክረን እውነቱን ከሱ የደበቅነው መስሎት ሄዷል! ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምቆ «ጨክኜ እሰማለሁ፣ ንገሩኝ፣ እሷ ቤት ውስጥ ኪሞኖ እያከፋፈለች ነው» ብሏታል። ቤት ገብቼ ያዝኩት። ያን ቀን እግርህን ለምን አየህ አልኩት። «ካልሲዬ ተቀዶ አውራ ጣቴ ወጥቶ ነበር። በሆስፒታሉ ነጠላ ጫማ ውስጥ ይታያል። አፍሬ ነው» አለኝ። ሰሃኑስ? «ምን ላድርግልሽ? ሌላ ነገር አላውቅ።» ኮኩስ? ያ ድንጋይ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ሁለታችንም አንድ ወር ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር አንዳችን ለአንዳችን ለቅሶ ተቀምጠን ነበር እኮ! ኮኩን ከፍተን በአንድ ማንኪያ ተፈራርቀን በላነው። የእማማ ቶሚ ሐብሐብ ደሞ የጡረተኞች ማኅበር ዕጣ ደርሷቸው ነው፣ ቅዝቃዜው ጥርሳቸውን ስለሚነካቸው ነው ለኔ የሰጡኝ።

በታኅሣሥ አወጡልኝ። አስተኝተውኝ ነው፣ ምንም አላወቅኩም፣ ሆዴ ላይ አንድ ጭረት የለም። ሐኪሟ በኋላ ያወጣችውን አሳየችኝ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ፣ ዳር ዳሯን በመርፌ ተወጥራ፣ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ ዓሣ። «ይቺ ናት?» አልኳት። «ይቺ ናት» አለችኝ። ለዚህች ነው ኪሞኖዬ የሄደው! ከላቦራቶሪ ሲመለስ ጠርዙ በሙሉ ንጹሕ ነው፣ ያ የተበላሸው አንዱም አልቀረም፣ በውስጡም ካንሰር አልተገኘበትም። በየዓመቱ በቱቦ መታየት አለብኝ፣ ይሁን። ጨው ቀንሺ አለችኝ። እኔን፣ የጨው ሰውዋን! ተጨቃጨቅን። ግማሽ ላይ ተስማማን።

ከዚያ ጨጓራዬ ውስጥ ለተገኘው ባክቴሪያ መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ የሳምንት ክኒን፣ ጨርሼዋለሁ። መጥፋቱ በመጋቢት ይታያል። ይሄ ባክቴሪያ በልጅነት ነው የሚገባው አለች፣ ከቤተሰብ፣ ከጉድጓድ ውሃ፣ ሩዝ አኝከው ከሚያጎርሱት እናት አፍ። ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ስድሳ ዓመት ሙሉ ገበሩን ሲያበላሽ ይኖራል። ከዚያ ብዕሯን አንስታ «እህት ወንድም አለዎት?» ብላ ጠየቀችኝ።

እቴቴ፣ ለዚህ ጥያቄ ሠላሳ ሰባት ዓመት የለኝም ስል ኖሬያለሁ። «አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ» አልኳት። ጻፈችው። በወረቀቱ ላይ አለሽ አሁን።

ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ጠጥተን፣ ከአንድ እናት አፍ በልተን ነው ያደግነው፣ አንቺ ኦሳካ ስለሄድሽ ሆድሽ ኦሳካ አልተወለደም። ሄደሽ ታዪ። ነጩን ጠጪ፣ አታግሺ፤ ወይም ቱቦውን ዋጪ። አትፍሪ፣ እኔ ካለፍኩት አንቺ ታልፊዋለሽ፣ ሁልጊዜም ከኔ ደፋር ነበርሽ። «ህዋሳትሽ መልካቸውን ቀይረዋል» ካሉሽ እመኛቸው፣ ዛሬ አይዋሹም። ወረቀቱን በእጅሽ ተቀበይ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ጊዜ አንቺ ከአባባ ጋር ብቻችሁን ምድጃው አጠገብ ከሰዓቱን በሙሉ ዳይኮን ስትልጡ የዋላችሁት እሑድ ነበር። ማታ የኦሳካ ባቡር ይዘሽ ሄድሽ። እኔ ለቀብሩ ስትመጪ በእንግዳው ሁሉ ፊት «አብረሽን መዋሸት እንኳን አቅቶሽ ጥለሻቸው ሄድሽ» ብዬ ጮኽኩብሽ። አንቺም አልመለስሽልኝም። አንዲት ቃል! እኔ ያንን ዝምታ ኩራት ነው ብዬ ነበር። አባባ «ነይ እዚህ» ብለው የጠሩኝ በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ነው። አሁን ነው ቀኑን የቆጠርኩት። ያን እሑድ ምን እንዳወራችሁ አልጠይቅሽም። አሥራ አንዱ ቀን ግን አሁንም እጄ ላይ አለ፣ የማበላው የምበላውም በሱ ነው። ይሄን እወቂልኝ።

ሐኪሟ ለጥቂት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳላነሳ ከልክላኝ ነበር። ጊዜው አልፏል። ዳይኮኑም ደርሷል፣ ሽታው ከጎተራ ወጥቶ ቤት ገብቷል። ሹኪቺ ድንጋዩን ላንሳልሽ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ተው አልኩት። የአባባ ድንጋይ ሁለት ሴት ይፈልጋል። በጣም ከቆየ ይኮመጥጣል፣ ስለዚህ በረዶው እስኪቀልጥ አትጠብቂ። ባቡሩ በበረዶም ይመጣል።

የአባባና የእናታችን ነፍስ ከፊት ከኋላሽ ይሁን። የበላሽው ይስማማሽ፣ ሆድሽ ሰላም ውሎ ሰላም ይደር፣ ዕድሜሽ እንደ እማማ ቶሚ ይርዘም፣ ምላስሽ ግን እንደሳቸው አይሁን፣ እሱ ለኔ ይበቃል። መልስሽን በእጅሽ ጻፊው።

አንቺ አኝከሽ ያጎረስሻት፣
ታናሽ እህትሽ